የበረራ ሰዓት ሲቀየር «እስማማለሁ» ለማለት አትቸኩሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት አጭር መልእክት ነው። «ውድ መንገደኛ፣ የበረራዎ ሰዓት ተቀይሯል» የምትለዋ። ከሥሯ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። ብዙዎቻችን ጠቅ አድርገን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ቆይ ግን፣ ሰዓቱን የቀየረው ማነው? አየር መንገዱ ነው። አንዴ ከተስማማችሁ በኋላ «አይመቸኝም» ብሎ መሟገት ከባድ ነው።

ለኛ ለአዳማ ሰዎች ደግሞ ይብሳል። ቦሌ አካባቢ የሚኖር ሰው ሰዓት ቢገፋበት ቤቱ ጋደም ይላል። እኛ ኮንትራት መኪና ይዘናል። ሸኚው ተሰብስቧል፣ የፍጥነት መንገዱም ይከፈልበታል። በረራው ቀደም ካለ በሌሊት መንገድ መውጣት ነው፣ ካልሆነም አዲስ አበባ አልጋ መያዝ።

ሰዓት አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። ጎረቤታችን ያሉ እናት ልጃቸው ጋ ጀርመን ሊሄዱ ነበር። ትኬቱ ማክሰኞ 23:40 ይላል። ከዚያ ወደ ረቡዕ 00:50 ተቀየረ። እሳቸው «ረቡዕ» የሚለውን አይተው ረቡዕ ማታ ነው ብለው ተረጋጉ። በኛ አቆጣጠር ግን ያ ማክሰኞ ሌሊት 6፡50 ነው! ልጃቸው ደውላ ባታስጠነቅቃቸው ኖሮ አውሮፕላኑ ጥሏቸው ሄዶ ነበር።

ለውጡንም ቢሆን ያወቁት ዘግይተው ነው። መልእክቱ የሄደው ትኬት ቢሮው ጋ ነበር፤ ሲቆረጥ የገባው የሠራተኛው ስልክ ነዋ። ይሄ በየቦታው ያለ ነው። ትኬት ስትቆርጡ «የኔን ስልክና ኢሜይል አስገባልኝ» በሉ። አይክፋው፣ ሥራው ነው።

ወደ መብቱ እንምጣ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳን በረራ ሁሉ ይሸፍናል፤ የማንም አየር መንገድ ይሁን። ከቦሌ ወደዚያ ስትሄዱ ግን የሚሠራው አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ እኚህ እናት በአንድ ትኬት ሲሄዱ ላይሸፈኑ፣ ከፍራንክፈርት ሲመለሱ ግን ይሸፈናሉ። የሚገርም ነው።

በ2021 የኅብረቱ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ጨመረ። በረራው ከአንድ ሰዓት በላይ ወደፊት ከተሳበ፣ ማለትም ቀድሞ የሚነሳ ከሆነ፣ እንደተሰረዘ ይቆጠራል አለ። እኔ ትክክል ይመስለኛል። ለዘገየ አውሮፕላን ይጠበቃል፤ ለቀደመ ምን ይደረጋል? በተሰረዘ በረራ ደግሞ ገንዘብ ማስመለስ ወይም ሌላ በረራ መምረጥ የመንገደኛው ነው። ለውጡ የተነገራችሁ ለበረራው ከ14 ቀን ያነሰ ሲቀረው ከሆነ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ረጅም በረራ ካሳው እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። ካሳው የማይከፈልባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ።

ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ የምትበሩም፣ በ2024 የወጣ ደንብ አለላችሁ። ዓለም አቀፍ በረራ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ከተነሳ፣ ወይም ያን ያህል ዘግይቶ ከደረሰ፣ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ቫውቸር፣ ማለትም ለሌላ ጊዜ ትኬት መግዣ ወረቀት አይደለም፣ ገንዘብ። ግን አዲሱን ሰዓት ካልተቀበላችሁ ነው። ያቺን ቁልፍ አስታውሱ።

በሌሎች ዓለም አቀፍ በረራዎች የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል፣ አገሮች ስለ አየር መንገዶች ተጠያቂነት የተስማሙበት ሕግ አለ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። መዘግየት ላደረሰባችሁ ጉዳት መጠየቅ ትችላላችሁ። አየር መንገዱ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ካስረዳ ግን ነፃ ይወጣል። ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የአልጋውንም የመኪናውንም ደረሰኝ አትጣሉ፤ ያለሱ «ይህን ያህል አወጣሁ» ማለት ወሬ ነው።

ትኬት ቢሮ ደውላችሁ ቀን ይቀየርልኝ ስትሉ «ቅጣት አለው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ቅጣቱ እናንተ በራሳችሁ ፍላጎት ስትቀይሩ ነው። «ሰዓቱን የቀየረው አየር መንገዱ ነው፣ እኔ ገና አልተስማማሁም፣ ያለ ቅጣት የሚለወጥበትን ቀን እይልኝ» በሉት። ብዙ አየር መንገዶች ይሄን ይፈቅዳሉ፤ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።