የታኅሣሥ ውርጭና የመኪናዬ በር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ቆላ ለሚኖር አድማጭ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ብርሃን፣ መንዝ ወይም አንኮበር መኪናውን ውጭ አሳድሮ ለሚያውቅ ሰው ግን የታወቀ ችግር ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይዞት ሲነጋ አልከፈትም ስለሚል የመኪና በር።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እናቴ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሣት ተስማማን። እኔም በንጹሕ መኪና ልውሰዳት ብዬ በዋዜማው አመሻሽ ላይ መኪናዋን ላቫጆ አሳጥቤ ግቢያችን ውስጥ አቆምኳት። ሌሊት ስወጣ ጣሪያዋም መስታወቷም በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ቁልፉን ስሰካው እስከ ግማሽ ገብቶ ቆመ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። በዚያ ብርድ መቆሟ አስጨንቆኝ ቁልፉን በኃይል ገፍቼ ለማዞር ሞከርኩ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማኝ፤ ራሱ እጄ ላይ ቀረ፣ ጥርሱ ውስጥ ቀረ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አይሱዙ ሲነዱ የኖሩት ጎረቤታችን ጋሼ ድምፃችንን ሰምተው ባትሪ እያበሩ መጡ። ገና በሩን ሳይነኩ፣ «ልጄ፣ ማታ አሳጥበሻታል መሰለኝ» አሉኝ። መለዋወጫውን ቁልፍ ከቤት እንዳመጣ አዘዙኝና ወደ ተሳፋሪው በር ዞሩ። የእጅ ሳኒታይዘር አስመጥተው ጥቂት ጠብታ በቁልፉ ቀዳዳ አንጠባጠቡ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ከዚያም ቁልፉን ሳያስጨንቁ፣ ወዲህና ወዲያ በቀስታ እያነቃነቁ አዞሩት። ቁልፉ ቢዞርም በሩ አልተላቀቀም። «አትሳቢው፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግፊው» ብለው ትከሻቸውን በሩ ላይ አሳረፉና ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫኑት። ስስ በረዶ ሲሰነጠቅ ተሰማን፤ በሩም ተከፈተ። አዲስ አበባ የደረስነው ረፍዶ ስለነበር የእናቴ ቀጠሮ ወደ ሌላ ሳምንት ተዛወረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉዳዩን በቁም ነገር ስከታተለው ቆይቻለሁ።

ጋሼ በሩን ሳይነኩ ያወቁት ነገር የችግሩ ዋና ምክንያት ነው። በሩን የዘጋው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ ብርድ የያዘው ውኃ ነው፤ ያንን ውኃ ደግሞ አመሻሽ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ ፒኖች አሉ፤ ቁልፉ የሚዞረው እነዚህ ፒኖች እንደ ጥርሱ ቅርጽ ከፍና ዝቅ ማለት ሲችሉ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በዚያ ጠባብ ቦታ አንዲት ጠብታ ፒኖቹን ቀስፋ ለመያዝ ትበቃለች።

በእኛ አገር ብዙ ሰው ስለ መኪናው የሚሰጋው በክረምት ነው። ክረምት ዝናብና ጭቃ አለው፤ ውርጭ ግን የበጋ ነው። በክረምት ሌሊት ሰማዩን የሸፈነው ደመና ምድሪቱን እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያሳድራታል። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ሲደምቁ ግን ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ትለቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። ሰማይ ፊት ለፊት የሚያየው የመኪና ቆርቆሮ ደግሞ ከአየሩም ይብስ ይቀዘቅዛል። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከፍ ብሎ ሳለ እንኳ በጣሪያው ላይ አመዳይ የሚታየው ለዚህ ነው። መኪናን በዛፍ ወይም በቆርቆሮ ዳስ ሥር ማሳደር የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከላይ ያለው ነገር በመኪናውና በጠራው ሰማይ መካከል ይገባል።

በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ስላለው ባለ ዋሻ ተራራ፣ ስለ ጣርማ በር፣ ለብቻው መናገር አለብኝ። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል የሚወጣ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከዋሻው ግራና ቀኝ ጉሙ ሲወርድ መኪናው ዝናብ ሳይነካው ይረጥባል፤ ውኃው በበሩ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ ጎማና በቁልፉ ቀዳዳ ላይ ይቀራል። ሹፌሩ መሽቶ ደብረ ብርሃን ሲገባ ደክሞት በሩን ቆልፎ ይተኛል። ሳያጥብ መኪናው ታጥቧል ማለት ነው። ስለዚህ ያንን ገደል በጉም የወጣ ሰው ከመተኛቱ በፊት አራቱንም በሮች ከፍቶ፣ ጎማውንና ጎማው የሚያርፍበትን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ እንዲጠርግ አጥብቄ እመክራለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ የተያዘው ቁልፉ ነው ወይስ ጎማው የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ቁልፉ አልገባ ወይም አልዞር ካለ በረዶው ቀዳዳው ውስጥ ነው። ቁልፉ ዞሮ በሩ ካልተላቀቀ ግን ጎማው ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ በዚህ ጊዜ እጀታውን በኃይል መሳብ እጀታውን ይሰብራል ወይም ጎማውን ይቀድዳል። ጋሼ እንዳደረጉት ወደ ውስጥ መጫን፣ አለዚያም ሌሎቹን በሮች መሞከር ይሻላል፤ ግድግዳ የከለለው ወገን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይከፈታል።

የፈላ ውኃ ማፍሰስ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። በረዶውን ለጊዜው ያቀልጠዋል፤ ውኃው ግን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና መልሶ ይጋገራል፤ መስታወት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ሊሰነጥቀው ይችላል። ቁልፉን በላይተር ማሞቅም የሚሠራው ሙሉ ለሙሉ ብረት ለሆነ ቁልፍ ነው፤ ራሱ ፕላስቲክ የሆነ ቁልፍ ውስጥ ሞተሩን የሚያስነሣ ቺፕ ሊኖር ስለሚችል ሙቀት ያበላሸዋል። ሳኒታይዘር ወይም አልኮል የነካውን ቁልፍና በር ደግሞ ከእሳት አርቁ። ሳኒታይዘሩም ጄል ሳይሆን ፈሳሹ ቢሆን ይመረጣል፤ ጄሉ ሲደርቅ ፒኖቹ ላይ ሙጫ መሳይ ነገር ይተዋል። አንዳንድ የቆዩ ሹፌሮች በዳግም አረቄ ይጠቀማሉ፤ በረዶውን ያቀልጣል፤ ነገር ግን ከግማሽ የማያንሰው ውኃ ስለሆነ አልኮሉ ከተነነ በኋላ ውኃው ይቀራል። ለአንድ ጠዋት እንጂ ለልማድ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅምት ላይ የሚደረግ ዝግጅት ነው። በቁልፉ ቀዳዳ የግራፋይት ዱቄት ወይም ቀጭን የቁልፍ ዘይት ይግባበት፤ ግሪስ ግን አይግባ፤ ግሪስ በብርድ ይጠጥራል፣ የበጋውንም አቧራ ይሰበስባል። ለበሩ ጎማ የሚቀባ ሲሊኮን ባይገኝ ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን በሚገባ ያገለግላል፤ ውኃው ቶሎ እንዳይጋገር ያደርጋል፣ ጎማውንም ያለሰልሳል። ቫዝሊን የሚቀቡ አሉ፤ ከነዳጅ የሚሠራ በመሆኑ ጎማውን በጊዜ ብዛት ያሳብጠዋልና አልመርጠውም። የማይነካውን የተሳፋሪ በር ቁልፍም አልፎ አልፎ አዙሩት፤ እኛን በዚያ ሌሊት ያተረፈን እሱ ነበር።

ማጠብን በተመለከተ ገናና ጥምቀት ሁለቱም በውርጩ ወራት ይውላሉ፤ መኪና በብዛት የሚታጠበውም ለበዓል ነው። ዋዜማ አመሻሽ ላይ ከማሳጠብ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አሳጥቦ፣ በሮቹን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ይሻላል።

እናቴ አሁን በየምሽቱ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በተለይ፣ ከመተኛቷ በፊት ወደ በረንዳ ወጥታ ከዋክብቱን ታያለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ፣ «በሩን ጠረግሽው?» ትለኛለች።