የሠራው ሰው ስም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ እናንተ የሠራችሁትን በርጩማ ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ ተመራቂ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ስለ እንጨት ሥራ ሥልጠናው እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። እናገራለሁ። ግን መጀመሪያ ልጆቹን ይዘን ዊልያምስበርግ የሄድን ዕለት ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

ዊልያምስበርግ ከ1699 እስከ 1780 የዚህችው የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች። ኒኮልሰን መንገድ ላይ፣ በዚያ ዘመን የነበረው የእንጨት ዕቃ ሠሪ የአንቶኒ ሄይ ሥራ ቤት አለ። የጥንቱ ፈርሷል፤ አሁን ያለው እዚያው ቦታ ላይ እንደገና የተሠራ፣ ባለሙያዎች በጥንቱ ዘዴ እየሠሩ ለጎብኚ የሚያሳዩበት ነው። ከፊሉ ጅረት ላይ ነው የቆመው። አርኪዮሎጂስቶች ጅረቱን ሲቆፍሩ ያላለቁ የዕቃ ቁርጥራጮች ከጭቃው አውጥተዋል።

ገባን። ወለሉ ሰጋቱራ ነው። ቶርኖው መብራት አያውቅም፤ አንዱ ትልቁን መንኮራኩር በእጁ ሲያዞር ሌላው መሮ ይዞ ይቀርጻል። አንድ ባለሙያ መሳቢያ ይገጥም ነበር። ሚስማር የለም። የሁለቱን ጣውላ ጫፎች እንደ እጅ ጣት አቆላለፈና በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ገባ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር መጋጠሚያውን ዳበሰ። እኔ እንባዬ መጣ። አባቴ መርካቶ የዋንዛ ቁም ሣጥን ሲሠራ እንደዚሁ በጥፍሩ ይዳብስ ነበር፤ ጥፍሩን ከያዘው አፍርሶ እንደገና ይገጥማል፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን።

አሁን ስሙኝ። ሄይ ቦታውን የገዛው በ1756 ነው፤ በ1767 ሙያውን ትቶ ራሌይ የሚባለውን መጠጥ ቤት ያዘ። በ1770 ሞተ። ንብረቱ ሊሸጥ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ከሚሸጡት ባሪያዎች መካከል በጣም ጎበዝ የእንጨት ዕቃ ሠሪ እንዳለ ተጻፈ። ጎበዝ መሆኑን ጻፉ፤ ስሙን ግን አልጻፉም! ሄይ፣ ዊልትሻየር የሚባል ባሪያ እንጨት ሠሪ እንደነበረው ይታወቃል። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በጌታው ስም ነው።

የነሱ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እኛስ? ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ብለን አልሸሸናቸውም? የሠሩትን ለብሰንና በልተንበት ማለቴ ነው! አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እዚህ አሜሪካ መጥተንም አልተውነውም። ልጄን እንጨት ሥራ ላስተምረው ነው ስል አንድ ዘመዴ «ለዚህ ነው እንዴ የተሰደድከው?» አለኝ። አዎ! ለዚህም ነው! አባቴ ስድስት ልጅ ያሳደገው በዚያ መላጊያ ነው፤ የሠራቸው ቁም ሣጥኖች ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ቤት ቆመዋል፣ አንዱም ላይ ስሙ የለም።

የቀረው አጭር ነው። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ቡና ላፈሉልን እናቶች እግዜር ይስጥልን። ቀጣዩ ዙር ከመስቀል በኋላ ይጀመራል፤ ሴቶች ልጆቻችሁንም አምጡ።

ልጆች፣ ሰርተፍኬት ከመቀበላችሁ በፊት በርጩማችሁን ገልብጡት። እርሳስ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከነአባታችሁ ስም፣ በአማርኛ ጻፉበት።