ኪስ የማይጎዳ ኮምፕረሰር፦ የከበሮው ምትና የሪሊዙ ልክ

ፕሮዲውሰሯ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ከሀዋሳ በምናቀርብላችሁ በዚህ ዝግጅት ዛሬ የምንነጋገረው ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሚክስ፣ ማለትም የተለያዩ ድምፆችን አመጣጥኖ ለማዋሃድ፣ ስለሚያገለግሉ ኮምፕረሰር ፕላግኢኖች (በሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የሚጨመሩ ድምፅ መጭመቂያ ሶፍትዌሮች)፣ በተለይም በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ስለሚገኙት ነው። ጋሼ፣ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ «የትኛውን ልግዛ?» የሚሉ ናቸው፤ እርስዎ ግን ለዚህ ጥያቄ በቀጥታ ሲመልሱ ሰምቼ አላውቅም።

ባለ ስቱዲዮው፦ የማልመልሰው «የትኛውን» ከመባሉ በፊት «ለምን ሥራ» መባል ስላለበት ነው። ኮምፕረሰር የሚሠራው በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ ትሬሾልድ ከምንለው መጠን ሲያልፍ በሬሾው ልክ ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ ለማድረግ የሚወስድበት ጊዜ አታክ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ደግሞ ሪሊዝ ይባላል። እነዚህን አራት መቆጣጠሪያዎች በነፃ ከሚታደሉት ብዙዎቹ ያሟሏቸዋል። ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው በአብዛኛው በድምፁ ላይ ለሚጨምረው ቀለም፣ ለገጽታው ውበትና ለአሠራር ምቾት ነው፤ ይህ ዋጋ የለውም አልልም፣ ግን ሥራውን ሳያውቁ የሚከፍሉት አይደለም።

ፕሮዲውሰሯ፦ እኔ ደግሞ ከመምረጥ በፊት መቀነስ ይቀድማል ባይ ነኝ። በሳምፕል ጥቅል፣ ማለትም አስቀድሞ በተዘጋጀ የድምፅ ስብስብ፣ የሚመጡ ኪኮችና ስኔሮች (ወፍራሙና ስሉ የከበሮ ምት) አብዛኛውን ጊዜ አዘጋጆቹ አስቀድመው በደንብ የጨመቋቸው ናቸው። የሞገዱን ሥዕል አጉልቶ የተመለከተ ሰው ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ሁሉ ቀጥ ብሎ ያየዋል። ኖታዎቹ ሁሉ በአንድ ቬሎሲቲ (የአመታት ኃይል) የተጻፉለት የሲንተሳይዘር ቤዝም እንዲሁ የሚስተካከል ውጣ ውረድ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ባሉት ትራኮች ላይ በልማድ የሚደረደረው ኮምፕረሰር ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም የኪኩን የመጀመሪያ ንክሻ ይበላዋል።

ባለ ስቱዲዮው፦ በማይክ የተቀዳው ነገር ግን ሌላ ነው። ከበሮ፣ ማሲንቆና የሰው ድምፅ አንዱ ምት ከሌላው ስለሚለያይ ለኮምፕረሰር በቂ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው። የእኛ አገር የኤሌክትሮኒክ ሥራ ደግሞ ሁለቱን የሚያደባልቅ በመሆኑ፣ ከውጭ አገር ትምህርቶች የተቀዱ ቁጥሮች እንዳሉ ሲገለበጡ ችግር ይፈጥራሉ። ይህን በሳይድቼይን ላይ ባሳይ ይሻላል።

ፕሮዲውሰሯ፦ ለአዲስ አድማጮች ላስታውስ፤ ሳይድቼይን ማለት አንዱን ድምፅ የሚጨምቀውን ኮምፕረሰር በሌላ ድምፅ ማዘዝ ነው። ኪኩ ሲመታ ቤዙ ወይም ፓዱ (ከኋላ ተዘርግቶ የሚቆየው ድምፅ) ለአፍታ ዝቅ ብሎ ቦታ ይለቅለታል። የዳንስ ሙዚቃው የሚተነፍስ የሚመስለውም በዚህ ነው።

ባለ ስቱዲዮው፦ በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሃውስ በሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ላይ በሁለት ኪኮች መካከል 500 ሚሊሰከንድ አለ። 60,000ን በምቱ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። ሪሊዙ 250 ወይም 300 ቢሆን ቤዙ ለመመለስ ጊዜ አያጣም። አሁን ወደ ችክችካ እንምጣ። በደቂቃ 100 ዋና ምት ያለው ባለ 6/8 ሥራ ቢኖረን፣ አንዱ ዋና ምት 600 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል 200 ይሆናል። ከበሮው በመጀመሪያውና በሦስተኛው ክፍል ላይ ከመታ፣ አንዱ ክፍተት 400፣ ቀጣዩ 200 ሚሊሰከንድ ነው። ከሃውስ ትምህርት የተቀዳው የ300 ሪሊዝ ለረጅሙ ክፍተት ሲበቃ ለአጭሩ አይበቃም።

ፕሮዲውሰሯ፦ ይህን በቅርቡ ወደ ስቱዲዮዎ በመጣ ሥራ ላይ አብረን አይተነዋል። በአንድ ማይክ የተቀዳ ከበሮ ሰብ ቤዙን (በጣም ዝቅተኛውን ቤዝ) ያዝዝ ነበር። ጌይን ሪዳክሽን፣ ማለትም የተቀነሰውን የድምፅ መጠን፣ የሚያሳየው መርፌ በእያንዳንዱ ምት 6 ዲሲቤል ይወርድና፣ በአጭሩ ክፍተት ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይመለስ ቀጣዩ ምት ይደርስበት ነበር። ልጁ ቤዙ ለምን እንደሳሳ ግራ ገብቶት ሌላ ቤዝ ሊደርብበት እያሰበ ነበር።

ባለ ስቱዲዮው፦ ሪሊዙን ወደ 120 ስናወርደው ቤዙ ያለምንም ተጨማሪ ድምፅ ተመለሰ። ሌላም ጉዳት ነበረው፤ ከበሮው የተቀዳበት ማይክ ማሲንቆውንም አብሮ ስለያዘ፣ አንዳንዴ ኮምፕረሰሩን የሚያነቃው ማሲንቆው ነበር። መፍትሔው ወደ ስፒከር የማይሄድ ትራክ ከፍቶ፣ ከበሮው በሚመታበት ቦታ ሁሉ አጭር ድምፅ ማስቀመጥና ኮምፕረሰሩን በእሱ ማዘዝ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ በኤፍኤል ስቱዲዮ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ፍሩቲ ሊሚተር የኮምፕረሰር ገጽና የሳይድቼይን መግቢያ አለው። የኤብልተን ላይቭ ኮምፕረሰርም፣ የሪፐሩ ሪያኮምፕም ይህንኑ ይሠራሉ። ሪያኮምፕ ሪያፕላግስ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች በነፃ ስለሚሰጥ፣ ሪፐር የሌለው ሰውም በሌላ ፕሮግራም ሊጠቀምበት ይችላል። መልኩ አያምርም፤ ሥራው ግን ንጹሕ ነው።

ፕሮዲውሰሯ፦ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት እንደ ኪክስታርት ያሉ ድምፅን በተሳለ መስመር ዝቅና ከፍ የሚያደርጉ ፕላግኢኖችስ?

ባለ ስቱዲዮው፦ ኪኩ በኮምፒውተር ልኬት ላይ ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሥራ ከኮምፕረሰርም የተሻሉ ናቸው፤ ምክንያቱም ቅርጹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በሰው እጅ የተመታ ከበሮ ግን ከልኬቱ ትንሽ ይቀድማል፣ ትንሽ ይዘገያል፤ ከሰዓቱ ጋር ብቻ የታሰረው መስመር ከእሱ ጋር አይሄድም። አንድ ነገር ልጨምር፤ በሁለት ፕላግኢኖች ላይ የተጻፈ «120 ሚሊሰከንድ» አንድ ዓይነት ፍጥነት ላይሰጥ ይችላል፣ ሠሪዎቹ ጊዜውን የሚለኩበት መንገድ ይለያያልና። ስለዚህ ቁጥሩ መነሻ ይሁን እንጂ ውሳኔው የመርፌውና የጆሮ ነው።

ፕሮዲውሰሯ፦ ወደ ማስተር፣ ማለትም ሁሉም ድምፆች ተደባልቀው ወደሚወጡበት የመጨረሻ መስመር፣ እንሂድ። እኔ እዚያ የምጠቀመው የቶኪዮ ዶውን ኮቴልኒኮቭን ነው። ነፃ ነው፤ ጄንትልማንስ ኤዲሽን የሚባለው ተከታዩ ነው የሚሸጠው። ቀለም አይጨምርም፣ ለድምፁ ጫፍ (ፒክ) እና ለአማካይ መጠኑ የተለያየ ሪሊዝ አለው፣ ዴልታ የሚባለውን ሲጫኑትም የተቀነሰውን ድምፅ ብቻ ያሰማል። ይህን ያህል አስተማሪ የሆነ ቁልፍ በነፃ ፕላግኢን ላይ ማግኘት ያስደንቀኛል፤ የኪኩ ንክሻ በዴልታው ውስጥ ጎልቶ ከተሰማ፣ ከሚክሱ እየጠፋ ያለው እሱ ነው ማለት ነው።

ባለ ስቱዲዮው፦ በማስተር ላይ ሬሾ 2 ለ 1፣ አታክ ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ፣ ቅናሹ ደግሞ ከ2 ዲሲቤል ባይበልጥ እመርጣለሁ። ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወሳኙ ግን ሰብ ቤዙ ኮምፕረሰሩን እንዳያዝዘው ማድረግ ነው። ጉልበቱ በአብዛኛው ከታች ስለሆነ፣ ቤዙ በገባ ቁጥር ዋሽንቱም ድምፁም አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ በኮምፕረሰሩ የመቆጣጠሪያ መስመር ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ መኖሩን አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ኮቴልኒኮቭ ይህ አለው። ሳይቶሚክ የሠራው ዘ ግሉ የሚባለው ኮምፕረሰር በመደበኛ ዋጋው 99 ዶላር ነው፤ ሆኖም በኤብልተን ላይቭ ውስጥ ያለው ግሉ ኮምፕረሰር ከዚሁ ድርጅት ጋር በመተባበር የተሠራ በመሆኑ፣ እሱን ያገኘ ሰው ደግሞ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

ፕሮዲውሰሯ፦ የድሮ መሣሪያዎችን የሚመስሉትስ? ወጣቱን የሚያማልሉት እነሱ ናቸው።

ባለ ስቱዲዮው፦ ጠባያቸውን ለሚያውቅ ጥሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው 1176 የተባለው ኮምፕረሰር አታኩ ከ20 እስከ 800 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ዝግተኛ የሚባለው እንኳ አንድ ሚሊሰከንድ አይሞላም። ለማስተር አይሆንም፣ ለከበሮና ለስኔር ግን ይነክሳል። ቁልፉ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈጥናል። የ1176 አምሳያ የሆኑ ፕላግኢኖችም ብዙዎቹ ይህንኑ ስለሚከተሉ፣ ሳያውቅ የሚነካው ሰው አዘገየሁ ሲል ያፈጥነዋል። ሌላው የድሮ ኮምፕረሰር ኤልኤ-2ኤ በብርሃን የሚሠራ ስለሆነ አታኩ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ሪሊዙም መጀመሪያ ፈጥኖ በኋላ የሚያዘግም ነው፤ ለዘፋኝ ድምፅና ለማሲንቆ ተስማሚ ነው። አናሎግ ኦብሴሽን የሁለቱንም አምሳያ፣ ፌቲሽና ላላ በሚል ስም፣ በነፃ ያቀርባል፤ መደገፍ የፈለገ በፓትሪኦን በኩል ይደግፈዋል። የክላንግሄልም ዲሲ1ኤ ደግሞ ሁለት ቁልፍና ጥቂት ማብሪያ ማጥፊያዎች ብቻ ያሉት ነፃ ፕላግኢን ነው።

ፕሮዲውሰሯ፦ ዲሲ1ኤን እወደዋለሁ፤ ግን አታክና ሪሊዝ ስለሌለው ቅድም ላነሱት የችክችካ ስሌት አይሆንም።

ባለ ስቱዲዮው፦ ትክክል ነው። በነገራችን ላይ የፈረንሣይ ሃውስ አዘጋጆች ያንን የሚታወቁበትን የሚተነፍስ ድምፅ ያገኙት ብዙ ጊዜ ከአሌሲስ 3630 ነበር፤ ባለሙያዎች የሚንቁት ርካሽ ኮምፕረሰር ነው። ንጹሕ አለመሆኑ ለሚፈልጉት ሥራ ጠቀማቸው።

ፕሮዲውሰሯ፦ አሁን የማንስማማበት ላይ ደረስን፤ ኦቲቲ። ኤክስፈር የሚያድለው ይህ ነፃ ፕላግኢን ድምፁን በሦስት ከፍሎ ጎልቶ የወጣውን ይጨምቃል፣ ዝቅ ያለውን ደግሞ ወደ ላይ ይስባል። ሲንተሳይዘሮቼ ያለ እሱ ደብዝዘው ይሰሙኛል።

ባለ ስቱዲዮው፦ ወደ ላይ የሚስበው ነገር ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ፣ የመንገዱ ባጃጅና የጎረቤት ዶሮም አሉበት። በኮምፒውተር ለተፈጠረ ድምፅ ይሁን፤ በቤት ውስጥ በተቀዳ ማሲንቆ ላይ ሲቀመጥ ግን ክፍሉን በሙሉ ይዞት ይመጣል።

ፕሮዲውሰሯ፦ ዴፕዝ የሚለውን ቁልፍ ወደ 20 በመቶ ቢያወርዱትስ? ሙሉ በሙሉ ከፍተው የሚተዉት ናቸው ስሙን ያጠፉት።

ባለ ስቱዲዮው፦ በ20 በመቶ፣ በሲንተሳይዘር ላይ ብቻ ከሆነ አልከራከርሽም።

ፕሮዲውሰሯ፦ እንግዲህ እያወዳደሩ መምረጥ ከሆነ፣ ማወዳደሩ እንዴት ይሁን?

ባለ ስቱዲዮው፦ በእኩል ድምፅ መጠን። ብዙ ፕላግኢኖች ሲበሩ ድምፁን በራሳቸው ከፍ ያደርጉታል፤ ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳል፣ ልዩነቱ አንድ ዲሲቤል ቢሆን እንኳ። ድምፁን በራሱ ከፍ የሚያደርገውን አውቶ ሜካፕ የሚለውን ማጥፋት፣ ከዚያም ፕላግኢኑ ባይፓስ ሲደረግ (ሲታለፍ) እና ሲበራ መጠኑ እኩል እስኪሆን ድረስ አውትፑቱን ማስተካከል ይገባል። የዩሊን ነፃ የድምፅ መለኪያ ለዚህ ይበቃል። እንዲህ ሲደረግ በጣም ያማረ ይመስል ከነበረው ፕላግኢን ግማሹ ውበት ይጠፋል። ብዙ ግዢም እዚህ ላይ ይቀራል።

ፕሮዲውሰሯ፦ ለቀረውስ? በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር፣ የ99 ዶላሩ ፕላግኢን ወደ 5,600 ብር ይሆን ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ዋጋው ወደ 10,000 ብር ደረሰ። ካርዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚከፍልለት ብዙ ነው።

ባለ ስቱዲዮው፦ ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ የሚፈለገው የሳይድቼይን መግቢያ በእርግጥ አለው ወይ፤ የድሮ መሣሪያ አምሳያ የሆኑት አንዳንዶቹ የላቸውም። ሁለተኛ፣ ዋጋው እስከ ኅዳር የቅናሽ ወቅት ሊጠበቅ ይችላል ወይ፤ ዌቭስን የመሳሰሉት ፕላግኢን ሠሪዎች መደበኛ ዋጋቸውን የሚያስከፍሉበት ቀን ጥቂት ነው። ዌቭስ በመጋቢት 2015 ሽያጩን በኪራይ ብቻ አደርገዋለሁ ብሎ በተጠቃሚዎች ቁጣ በቀናት ውስጥ መመለሱም አይረሳም፤ በየወሩ በዶላር መክፈል ለእኛ አይታሰብም። ሦስተኛው ፈቃዱ የሚሠራበት መንገድ ነው። በአይሎክ ክላውድ የሚሠራ ፕላግኢን ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀጥል ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር ስለሚጠፋ፣ ደንበኛ ተቀምጦ ሚክሱ ይቆማል። በኮምፒውተሩ ላይ ተመዝግቦ የሚቀመጥ ፈቃድ መምረጥ ይሻላል።

ፕሮዲውሰሯ፦ አንድ አድማጫችን 25 ዩሮ አለኝ፣ ምን ልግዛ ብሎ ጽፎልናል።

ባለ ስቱዲዮው፦ ኤፍኤል ስቱዲዮ አለኝ ካለና ሳይድቼይኑን በፍሩቲ ሊሚተር ከሠራ፣ ማስተሩን በኮቴልኒኮቭ ይያዝ። ገንዘቡን ለቀለም ማዋል ከፈለገ የክላንግሄልም ኤምጄዩሲ ለረጅም ጊዜ በ24 ዩሮ ሲሸጥ ቆይቷል፤ በውስጡ ሦስት የተለያዩ የቫኪዩም ቱቦ ኮምፕረሰር ሞዴሎች አሉት። ጁኒየር የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ግን በነፃ ስለሚገኝ፣ መጀመሪያ እሱን በፓዶቹና በድምፁ ላይ ይሞክረው። ሚክሱን የሚያዳምጠው ከስልኩ ጋር በመጣው የጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለፕላግኢን እንዳያወጣ፤ የሰብ ቤዙን መመለስና አለመመለስ በዚያ አይሰማውም፣ ያኔ የነፃውና የተከፈለበት ልዩነትም ሊገባው አይችልም።