ውስኪ ቀምሶ መለየት፦ ቅደም ተከተሉና የውሃው ነገር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ውስኪ ነው፤ ስለ መጠጣቱ ሳይሆን ቀምሶ ስለ መለየቱ።

ውስኪ ሲነሳ ሁሌ የሚቀድመው ጥያቄ «የቱ ይበልጣል?» ነው። እኔ ይህን ጥያቄ አልወደውም። የአሜሪካው የኬንታኪ ቦርቦን (ከበቆሎ የሚሠራ ውስኪ) እና የስኮትላንዱ የአይላ ደሴት ጭሳም ውስኪ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። እያንዳንዱ የሚመዘነው በራሱ ዓይነት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዓይነቱን ማወቅ ነው።

አራት ጠርሙስ ይበቃል፦ የአየርላንዱ ጀምሰን፣ የስኮትላንዱ ግሌንፊዲክ 12፣ አንድ ቦርቦን፣ ጭሳሙ የአይላ ላፍሮይግ 10 (ቁጥሩ ዕድሜው በዓመት ነው)። የምትቀምሱትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ላፍሮይግን ካስቀደማችሁ የቀሩት ሦስቱ ውሃ ውሃ ይላሉ። ከእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቅዱ፤ ከዚያ ካለፈ ሦስተኛው ላይ ምላስም አፍንጫም ይደነዝዛል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። አፈ ሰፊው ሽታውን ይበትነዋል። ክፍሉ ውስጥ ዕጣን ከጨሰ ወይም ቡና ከተቆላ ደግሞ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ብርጭቆውን እንደ ወይን አታሽከርክሩት፤ አልኮሉ ተነስቶ አፍንጫችሁን ያቃጥላል። ከአገጫችሁ ሥር ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስጠጉ፤ አፋችሁን ትንሽ ክፈቱ። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍ ማስለመጃ ነው፣ ፍርድ የሚሰጠው በሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ውሃው። «ንጹሕ ውስኪ በውሃ አይነካም» የሚለው ጉራ ነው። ጠንከር ያለ አልኮል ሽታን ያፍናል፤ ስኮትላንድ ውስጥ ውስኪ የሚያዋህዱ ባለሙያዎች ራሳቸው ወደ 20 በመቶ አካባቢ አቅጥነው ነው የሚያሸቱት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ። 46 በመቶ በሆነ 20 ሚሊ ሊትር ውስኪ ላይ 3 ሚሊ ሊትር ውሃ ብትጨምሩ 40 በመቶ ይሆናል፤ 10 ብትጨምሩ ወደ 31 ይወርዳል። ጋዝ የሌለው የታሸገ ውሃ ይሁን። አምቦ ውሃ ለመጠጥ ግሩም ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ጋዙም ማዕድኑም ያሳስታል። በረዶም እንዲሁ፤ የቀዘቀዘ ነገር አይሸትም። ውሃ ሲነካው የሚደፈርስ ውስኪ አለ፤ ተበላሽቶ አይደለም። ቀዝቅዞ በወንፊት ስላላለፈ ቅባትነት ያላቸው ነገሮች ውስጡ ቀርተው ነው።

ስትቀምሱ ምን ምን ትፈልጋላችሁ? ዳግም አረቄን የሚያውቅ ሰው መደጋገም ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪ በአብዛኛው ሁለቴ ይጣራል፣ ጀምሰን ሦስቴ፤ ስለዚህ ጀምሰን ላይ ቅለትና ልስላሴ ፈልጉ። ግሌንፊዲክ ላይ ፖምና ማር። ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ እንጨት ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ቫኒላውና የተቃጠለ ስኳር ሽታው ከዚያ ነው። ያ በርሜል ለሌላ ቦርቦን ስለማያገለግል ብዙው ወደ ስኮትላንድ ይሸጣል፤ ግሌንፊዲክ ውስጥ ቫኒላ ብታገኙ አትገረሙ። ላፍሮይግ ብቅሉ የሚደርቀው በፒት ጭስ ነው፣ ከረግረግ ተቆፍሮ በሚወጣ አፈር። ጭሱ እንደ ወይራ አይጣፍጥም፤ ወደ አዮዲንና ወደ ሬንጅ ያደላል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ዓይነቱ ነው።

ጉድለት የሚባለው ሌላ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ፣ ሲጣራ መጀመሪያ የሚወጣው በደንብ አልተለየም ማለት ነው። የክብሪት ወይም የበሰለ ጎመን ሽታ ድኝ ነው፤ ከበርሜሉ ወይም ሲጣራ የማጣሪያው መዳብ በደንብ ካልነካው ይመጣል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹን ጠርጥሩ። አፍ የሚያደርቅ ምሬት ደግሞ እንጨት የበዛበት ነው፤ ያረጀ ሁሉ ጥሩ ላለመሆኑ ማስረጃው ይኸው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ውስጡ ከተዋሃዱት ውስኪዎች የትንሹን ዕድሜ ነው የሚናገረው። ቀለሙንማ ተዉት፤ የስኮትላንድ ውስኪ ደንብ የካራሜል ማቅለሚያ ይፈቅዳል።

የተረፈውን ጠርሙስ አቁማችሁ አስቀምጡ፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከሲሶ በታች የቀረ ከሆነ ደግሞ አየሩ ጣዕሙን ስለሚያደክመው በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት፣ ወይም ወደ ትንሽ ጠርሙስ አዙሩት።