የጥንካሬውን ዓምድ ባዶ አትተዉት

የተከበራችሁ ርዕሰ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

በመሥሪያ ቤቶቻችን ግምገማ የማያውቅ የለም። ሂስና ግለ ሂስ ለምደን ነው ያረጀነው። ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ ጥንካሬና ድክመት። እኔ ርዕሰ መምህር ሳለሁ የድክመቱን እስከ ግርጌ እሞላው ነበር። ጥንካሬ ከሚለው ሥር ግን ያቺኑ የተለመደችውን “ተግባብቶ መሥራት” ጽፌ አልፋለሁ። ራስን ማመስገን ያሳፍራላ! ሰው ሲያመሰግነን እንኳ “ኧረ ምን አደረግኩና” ነው የምንለው።

ይህ ይሉኝታ ምን እንዳሳጣኝ ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱን መክፈት ጀመርን። ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር። መጀመሪያ ቀን የመጡት ስድስት ልጆች ናቸው። ከወራት በኋላ ወንበር ጠፍቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ቤት ከዋሉ ሥራው መች ያስጠናቸዋል? ይህን የትም አልጻፍኩትም። ሥራዬ ነው ብዬ ተውኩት። ስዛወር ለተተኪዬ የድክመት ዝርዝር አስረከብኩት። እሱ ምን ያድርግ? ቅዳሜ ለምን እንደሚከፈት የነገረው የለም። ከዓመት በኋላ ጎራ ብል በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጊዜው ለእናንተም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነበብ ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ድክመታችሁን ደብቁ አልልም፤ ይጻፍ። ግን አንገቱን የደፋ ሰው የተሳካለትን አያይም። ካላየው እንዴት ይደግመዋል?

ስትጽፉ “ታታሪ ነኝ” አትበሉ፤ ለማንም አይጠቅምም። ምን አደረግኩ፣ ከማን ጋር፣ ምን ተለወጠ፤ ይኸው ነው። አብሯችሁ የለፋውን መምህር በስሙ ጥሩት። ጠዋት በሩን ቀድመው የሚከፍቱትን ጥበቃም እንዳትረሷቸው። እኔ የቅዳሜውን ሥራ ሳስብ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ያለ አበል ነበር የሚመጡት።

በሉ፣ ቅጹ ከፊታችሁ አለ። የድክመቱን ዓምድ ለጊዜው እጠፉት። ሃያ ደቂቃ አላችሁ።