ስቴሮይድ የሚወስድ ታካሚ የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለፋርማሲስቶች የጋራ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት የሥራ ባልደረቦቼ፣

የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በየዕለቱ በእጃችን የሚያልፍ ቢሆንም፣ እያንዳንዳችን የየክፍላችንን ድርሻ ብቻ ስለምናይ ሙሉ መልኩ የሚያመልጠን ነው። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያዛል፤ ፋርማሲስቱ ያድላል፤ ነርሷ ናሙና ትወስዳለች፤ ላብራቶሪው ቁጥሩን ያወጣል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ታካሚው ስቴሮይድ እንደሚወስድ የሚገልጽ አንድ መስመር ስላልተጻፈ፣ ለትክክለኛው ቁጥር የተሳሳተ ትርጉም ይሰጠዋል።

በጣም ከተለመደው ልጀምር። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ለጀመራት ነፍሰ ጡር፣ የፅንሱ ሳንባ እንዲጎለብት ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ በመርፌ ይሰጣታል። መርፌው ከመጀመሩ በፊት ነጭ የደም ሕዋሷ 9,000 የነበረ እናት በማግስቱ 15,000 ብታሳይ፣ በተለይም የሽርት ውሃዋ ቀድሞ የፈሰሰ ከሆነ፣ ተረኛው ሐኪም ወዲያውኑ ኢንፌክሽን ይጠረጥራል። መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ ብቻውን ይህን ያህል ጭማሪ ሊያመጣ እንደሚችል ካላሰበ፣ የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችል የነበረ ወሊድም ይቻኮላል።

ጭማሪው የሚመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ካሉት ኒውትሮፊሎች፣ ማለትም በብዛት ከሚገኙት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ግማሽ ያህሉ ከደሙ ጋር አይዘዋወርም፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚቆይ በናሙናችን ውስጥ አይቆጠርም። ስቴሮይድ እነዚህን ሕዋሳት ከግድግዳው ያላቅቃቸዋል፤ ወደ ሰውነት ክፍሎች እንዳይወጡ ይይዛቸዋል፤ ከመቅኔም ተጨማሪ እንዲለቀቁ ያደርጋል። በገበያ ቀን አጥር ተደግፈው የቆሙ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ቢገቡ፣ አዲስ ሰው ሳይመጣ ሕዝቡ የበዛ እንደሚመስለው ማለት ነው። ለውጡ በሰዓታት ውስጥ ይታያል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ያመጣው ጭማሪ ከኢንፌክሽን የሚለየው በምንድን ነው? ፍጹም መለያ የለም፤ ጠቋሚዎች ግን አሉ። ስቴሮይድ ኒውትሮፊልን ሲያበዛ ሌሎች የነጭ ሕዋስ ዓይነቶችን፣ ሊምፎሳይትንና ኢዮሲኖፊልን፣ ይቀንሳል፤ የሚበዙትም በአመዛኙ የበሰሉ ሕዋሳት ናቸው። ያልበሰሉ ባንድ ሕዋሳት ከበዙና ኒውትሮፊሎቹ ውስጥ ቶክሲክ ግራኑሌሽን (የጠቆሩ ደቃቅ ፍሬዎች) ከታየ ሐሳባችን ወደ ኢንፌክሽን ያዘነብላል። ይህንን ደግሞ ነጭ ሕዋሳትን በሦስት ክፍል ብቻ የሚለየው ማሽን አይነግረንም፤ ስሚር ሠርቶ፣ ማለትም ደሙን በስላይድ ላይ በስሱ ቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ስላይድ ማየት ጊዜ ያለፈበት ሥራ ነው ከሚሉ ወጣት ባልደረቦቼ ጋር በዚህ ነጥብ አልስማማም። የብግነት ጠቋሚ የሆነው ሲአርፒ ዝቅ ማለቱም ብቻውን አያስተማምንም፤ ስቴሮይድ ትኩሳቱንም ሲአርፒውንም ሊያወርድ ይችላልና።

ስለ ኢዮሲኖፊል ጥቂት ልቆይ፤ ለአገራችን የሚያሳስበው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ኢዮሲኖፊል በስቴሮይድ መቀነሱ ከመታወቁ የተነሣ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ቶርንና ባልደረቦቹ በ1948 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት ስቴሮይድ የሚያመነጨው የአድሬናል ዕጢ ሥራ መመርመሪያ አድርገውት ነበር፤ ዕጢውን የሚያነቃቃው ኤሲቲኤች ሆርሞን ከተወጋ ከአራት ሰዓት በኋላ ኢዮሲኖፊሉ በግማሽ ካልወረደ ዕጢው ደክሟል ይባል ነበር። እኛ ግን ከፍ ያለ ኢዮሲኖፊል ስናይ የምናስበው የአንጀት ትላትልን ነው። በባዶ እግር ከአፈር የሚገባው ስትሮንጊሎይድስ ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርተ ዓመታት መኖር ይችላል፤ ከአገራቸው ወጥተው እስራኤል ወይም አሜሪካ ብዙ ዓመት በኖሩ ወገኖቻችንም ላይ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ታካሚው ስቴሮይድ ሲጀምር ትሉ በፍጥነት ተራብቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች ክፍሎች ሊዛመትና ሊገድል ይችላል፤ በዚያው ሰዓት የሚያስጠነቅቀን ኢዮሲኖፊል በመድኃኒቱ ምክንያት ወደ ዜሮ ተጠግቶ ይገኛል። አንድ ጊዜ የተደረገ ተራ የሰገራ ምርመራም ትሉን ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ ኢዮሲኖፊል መታየት ያለበት ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ነው።

ወደ ስኳር ልለፍ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፕሬድኒሶሎን የዋጠ ሰው ስኳሩ ከፍ የሚለው ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ሌሊቱን ይወርድና በማግስቱ በባዶ ሆድ ሲለካ ደህና ይሆናል። እኛ ደግሞ ናሙና የምንወስደው ጠዋት ነው። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የምንለውም መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ብዙ አይነግረንም። እንዲህ ላለ ታካሚ ከሰዓት በኋላ ጣት ተወግቶ የሚለካው ስኳር ከሁሉ ይሻላል።

ፖታሲየም ሊወርድ፣ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ሊወጡ፣ የታይሮይድ ዕጢን የሚያነቃቃው ሆርሞን ቲኤስኤች በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። የቆዳ ቲቢ ምርመራም ቲቢ በያዘው ሰው ላይ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል።

ኮርቲሶል ግን ለብቻው መነሣት አለበት። ፕሬድኒሶሎን በመዋቅሩ ኮርቲሶልን ስለሚመስል፣ በብዙ የኢሚዩኖአሴይ (በአንቲቦዲ የሚለኩ) መመርመሪያዎች እንደ ኮርቲሶል ተቆጥሮ ውጤቱን በሐሰት ያሳድጋል። ዴክሳሜታዞን እንዲህ አያሳስትም፤ የዕጢውን ሥራ ስለሚያፍን ግን ውጤቱን በእውነት ያወርደዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም ካልተጻፈ ቁጥሩን መተርጎም አይቻልም። ለምርመራ ሲባል መድኃኒቱን ታካሚው በራሱ እንዲያቋርጥ መንገርም አይገባም፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም የደከመው አድሬናል ዕጢ ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

እዚህ ላይ አጠያየቃችንም መስተካከል አለበት። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ስትባል «አልወስድም» የምትል ሴት፣ ለማዲያት ብላ ያለ ትእዛዝ የገዛችውን ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ክሬም ፊቷን ለወራት ስትቀባ ቆይታ ሊሆን ይችላል። አልዋሸችም፤ ለእሷ ቅባት መድኃኒት አይደለም። የአስም ፓፍ የሚስበውና ጉልበቱ ላይ መርፌ የተወጋው ሰውም እንዲሁ ይመልሳሉ። ጥያቄው ቅባትን፣ ፓፍንና የመገጣጠሚያ መርፌን በስማቸው መጥራት ይኖርበታል።

ስለዚህ ለውይይት የማቀርበው አጭር ሐሳብ ነው። በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የስቴሮይዱ ስም፣ መጠኑና መጨረሻ የተወሰደበት ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ይጨመር፤ ይህ ባልተሞላበትና ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ባለበት ጊዜ ላብራቶሪው ወደ ክፍሉ ደውሎ ይጠይቅ፤ ስሚርም ይሥራ። የቅጹን ረቂቅ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስለምናድል፣ በተለይ የተረኛ ክፍል ነርሶች አስተያየታችሁን እንድትጽፉበት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።