ሦስት ጊዜ እውነት፣ አንድ ጊዜ ውሸት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የደርግ ዘመን እስረኞች፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ሰኔ 19 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለግርፋት ሰለባዎች የመደበው ቀን። አዘጋጆቹ "ሰውን ማሰቃየት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ? በሚለው ላይ ትንሽ ተናገሪልን" አሉኝ። እናንተ ፊት ይህን መጠየቅ ያስቃል። ፊት ወንበር ላይ ካላችሁት ግማሾቻችሁ ከቁጥራችሁ ሰፋ ያለ ጫማ የምትገዙት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም 39 ነበርኩ፤ 41 ነው የማደርገው።

ስገባ ደግሞ በሩ ላይ የሰቀላችሁትን ሰሌዳ አነበብኩ። "ቃል ሳይሰጡ ለተሰዉ" ይላል። ወደሱ እመለሳለሁ።

ጥያቄውን መጀመሪያ ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሕግ ይማራል፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ባለፈው ፋሲካ ቡና እየጠጣን፣ "አክስቴ፣ ከተማ ውስጥ ቦምብ ተጠምዷል እንበል። የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው እጅሽ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ቀርቷል። አታስገርፊውም?" አለኝ። እናቱ አፈጠጠችበት። እኔ ስኒዎቹን ሰብስቤ ጓዳ ገባሁ። መልስ አጥቼ አልነበረም። መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። ይኸው ዛሬ እዚያ ጥግ ቆሟል፤ ይስማኝ።

የካቲት 1970። 19 ዓመቴ ነው። ቤታችን ሲፈተሽ ፍራሼ ሥር ደርግን የሚቃወም አንድ በራሪ ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። አነበብኩት። ልጥለው ብዬ ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ። ደበቅኩት። ታሪኩ በሙሉ ይኸው ነው።

ቀበሌ ወሰዱኝ። ለተማሪዎቹ ወፌ ላላን ልንገራቸው፤ ሌሎቻችሁ ለአንድ ደቂቃ አትስሙኝ። እጅህን አስረው ጉልበትህን ያሳቅፉሃል። በክንድህና በጉልበትህ መሀል እንጨት ያሳልፋሉ። እንጨቱን ሁለት ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙታል። ትዘቀዘቃለህ። ውስጥ እግርህ ወደ ላይ ይሆናል። እሱን ነው የሚገርፉት። እንዳትጮህ አፍህ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቃሉ። የኔ ጨርቅ የሞተር ዘይት ይሸት ነበር። ዛሬም ጋራዥ ያለበት መንገድ ከሆነ እሻገራለሁ።

"ማን ሰጠሽ?"

"ግቢ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት።"

ሦስት ጊዜ ጨርቁን አወጡት። ሦስት ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ መልሰው ጠቀጠቁት። በአራተኛው የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ስም ጠራሁ።

ለምን እሱን? ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። በዚያው ሳምንት የዩኒፎርሜን ጠርዝ አሳጥሮልኝ ነበር። ተዘቅዝቄ ሳለ ዓይኔ ሥር የነበረው እሱ የሰፋው ጠርዝ ነው። ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ወዲያው አወረዱኝ። በጣሳ ውሃ ሰጡኝ። ገራፊው "ቀድመሽ እንዲህ ብትዪ ምን ነበረበት!" አለኝ፤ እንደ ታላቅ ወንድም። እውነቱን ስናገር ተገረፍኩ። ስዋሽ ውሃ ጠጣሁ።

ልብስ ሰፊውን በዚያው ሌሊት አመጡት። ድምፁን በግድግዳው ሰማሁት። እሱም የሚያውቀው ነገር የለም። እሱም ከየትም አምጥቶ ሁለት ስም ጠራ። ሁለቱ ሰዎች ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። እሱ ከ7 ወር በኋላ ተፈታ። ግራ እጁ ግን ጨርቅ መወጠር አልቻለም። ሲንጀሩን ሸጠ።

እስቲ ቁጠሩን። አራት ሰው ነን። ከአራታችን አንድም የድርጅት አባል የለም። መዝገቡ ላይ ግን አንድ ሙሉ የድብቅ ድርጅት ህዋስ ተደምስሷል። እርግጠኛ ነኝ፣ ለዚያ የተመሰገነ ጓድ አለ።

በአያቶቻችን ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ሲነገረን እንስቃለን። ያን ሌሊት ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። የወደቅሁት ልብስ ሰፊው ደጃፍ ነው።

የእህቴ ልጅ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። "እነዚያ ያልተማሩ የቀበሌ ጎረምሶች ናቸው፤ እኔ የምልሽ የሠለጠነ መርማሪ ነው።" እሺ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ኢብን አልሼይኽ አልሊቢ የሚባል የአልቃይዳ ተጠርጣሪ አሜሪካኖች እጅ ገባ። ወደ ግብፅ ላኩት። እዚያ ሲያሰቃዩት፣ ኢራቅ አልቃይዳን በኬሚካልና በባዮሎጂ መሣሪያ ታሠለጥናለች አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓወል ያንን ቃል ይዞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀረበ። በቀጣዩ ወር ኢራቅ ተወረረች። አልሊቢ እ.ኤ.አ. በ2004 ቃሉን አነሳ፤ ስቃዩን ለማስቆም ያልኩት ነው አለ። ያ የኔ ልብስ ሰፊ ነው። ልዩነቱ፣ የሱ ውሸት የወሰደው ሁለት ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። መሸሽ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ታገተ። አጋቹ ተያዘ፤ እሱም የሕግ ተማሪ ነበር። ልጁን የት እንደደበቀው አልናገር አለ። የከተማው ምክትል የፖሊስ አዛዥ "ካልተናገርክ እናሰቃይሃለን በሉት" ብሎ አዘዘ። ዛቱበት። ተናገረ። እውነቱን ነው የተናገረው። ልጁ ግን ቀድሞ ሞቷል። ከዚያ ምክትል አዛዡ ራሱ ተከሰሰ። ዳኞቹ አዝነውለታል፤ ቅጣቱንም ለስሙ ያህል አደረጉት። ጥፋተኛ ነህ ከማለት ግን አልተመለሱም።

እኔ ብሆን ያን ሰው አቅፌው አለቅስ ነበር። አልቅሼም እፈርድበት ነበር።

ምክንያቴን ስሙኝ። ገራፊው እውነቱን ቢያውቅ አይገርፍም። ካላወቀ ደግሞ እውነቱ ሲነገረው በምን ያውቀዋል? እኔን ሦስት ጊዜ ሰምቶኝ አላወቀውም። እሱ የሚያውቀው የሚፈልገውን ነው። ደግሞ ቦምቡ በየቀኑ አይጠመድም። ገራፊው ግን ደሞዝተኛ ነው፤ በየቀኑ ሥራ ይገባል። ቦምብ የሌለ ቀን ምን እንዲሠራ ነው የምትፈልጉት? የኔ ገራፊ 20 ዓመት ከሁለት ሦስት ቢሆነው ነው። እረፍት ሲወጣ ሲጋራ እየተዋሰ ያጨስ ነበር። እጁ ደክሞት ነበር።

ሕጉን ከኔ በኋላ የሚናገሩት ያብራሩታል። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ጦርነትም ይሁን አስቸኳይ ጊዜ ለማሰቃየት ምክንያት አይሆንም ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ከዚያ በኋላ ማዕከላዊ ስንት ዓመት ሠራ? 23 ዓመት። ደርግ ገረፈበት፤ ደርግን የጣሉትም ገረፉበት። በ2010 ተዘጋ፤ ከዚያ ለጎብኚ ተከፈተ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

አሁን ወደ ሰሌዳው። እናንተን ነው የምናገረው፣ ጓዶቼን። በየዓመቱ እዚህ እየቆማችሁ "እከሌ ምላሱን ነክሶ ሞተ፣ አንድ ቃል አልወጣውም" ትላላችሁ። ክብር ይገባቸዋል፤ እኔም እሰግድላቸዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ዝም ያለው ብቻ ጀግና ከሆነ፣ የተናገረው ምስጢር አውጪ ነው ማለታችሁ ነው። ዱላው እውነት ያወጣል ማለታችሁ ነው። ይህ የገራፊው ክርክር ነው! ከገራፊያችሁ አፍ ወስዳችሁ በእምነበረድ ጻፋችሁት! እዚህ ካላችሁት ውስጥ ስም የጠራ የለም? እጅ አውጡ አልላችሁም። ግን በዚህ አዳራሽ እርስ በርስ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች አሉ፤ ለምን እንደሆነም እናውቃለን። ልጆቻቸው እንኳ አይጋቡም። 40 ዓመት አልፎ እያለ ያ የግርፋት ክፍል ዛሬም እየሠራብን ነው።

ልብስ ሰፊው ጋ በ1984 ሄድኩ። ደርግ ወድቆ ነበር። ደጁ ላይ ቆሜ "ጋሼ፣ ያኔ ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "አውቃለሁ ልጄ፤ እኔም ሁለት ሰው ጠርቻለሁ። ለእነሱ ቤተሰብ መናገር አቅቶኛል" አለኝ። አብረን ሄድን። አንደኛዋ እናት በሩን ዘጋችብን። ሁለተኛዋ አስገባችን፤ የልጇን ፎቶግራፍ አወረደች፤ እስኪመሽ አብረናት ተቀመጥን። ልብስ ሰፊው ዛሬ በሕይወት የለም።

የሱንና የሁለቱን ስም በወረቀት ጽፌ ጠዋት ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ማንም ሳይነካኝ። ለሚመጣው ዓመት ከሰሌዳው ላይ "ቃል ሳይሰጡ" የሚለውን አንሱትና እነዚህን ስሞች አስገቡ። ቅር የሚለው ካለ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ሻይ ሰዓት ላይ ያናግረኝ።

አመሰግናለሁ።